በቤት ለሚማሩ ልጆች ሥርዓተ ትምህርት ስለ መምረጥ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በቅርቡ በጋዜጣችሁ የትምህርት ዐምድ ላይ «ልጆቻችንን በቤት ለማስተማር የትኛው ሥርዓተ ትምህርት ይሻላል?» የሚል የአንባቢ ጥያቄ ወጥቶ ነበር። ተከታትለው የታተሙት መልሶች እያንዳንዳቸው አንድ ሥርዓት ጠርተው ያንኑ ለልጅ ሁሉ የሚያዝዙ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። አንዱ ጸሐፊ ከውጭ አገር የሚመጡትን ጥቅል መጻሕፍት፣ ሌላው የመንግሥትን መማሪያ መጽሐፍ ብቻ፣ ሦስተኛው ደግሞ በስልክ የሚጫኑ ትምህርቶችን አመስግነዋል። እኔ በደቡብ ወሎ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሳስተምር ኖሬ በጡረታ የተገለልሁ፣ አሁን በሐይቅ ከተማ የልጅ ልጆቼንና የጎረቤት ሕፃናትን በቤቴ የማስተምር ሰው ነኝ። ልጆችን በአንድ ቁና የመስፈር ልማድ ከመደበኛው ክፍል ተነሥቶ ወደ ቤታችንም እንዳይገባ እሰጋለሁ። በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ልጆች ቢኖሩ ምርጫው ለእያንዳንዱ ልጅ ለየብቻ መደረግ አለበት፤ ለአንዱ ልጅም ቢሆን አማርኛውና ሒሳቡ የተለያየ ምርጫ ሊፈልጉ ይችላሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ የእኛ የቤት ትምህርት ከሌሎች አገሮች የሚለይበትን ነገር መረዳት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ልጅን በቤት ማስተማር ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሃምሳዎቹም ግዛቶች በሕግ የተፈቀደ ሲሆን፣ ወላጆች አስበውበትና አቅደው፣ አንዳንዶች ለሃይማኖታቸው ሲሉ፣ ሌሎችም በአካባቢያቸው ትምህርት ቤት ባለመርካታቸው የሚገቡበት መንገድ ነው። በወሎ ግን አብዛኞቻችን ወደዚህ የገባነው ትምህርት ቤቱ ስለተዘጋብን ነው። በመጋቢት 2012 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ እነሱ ተከፍተው ልጆቹ ገና ወንበራቸው ላይ ሳይደላደሉ፣ በ2013 ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ተሻገረና በ2014 መግቢያ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ጉዳት ደረሰባቸው። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ደግሞ ዛሬም ደጃፋቸው ያልተከፈተ ትምህርት ቤቶች አሉ። በዚህ ሁሉ መካከል ያለፈ ልጅ በወረቀት የተጻፈለት ክፍልና በእርግጥ የያዘው ዕውቀት መራራቁ አያስደንቅም። ስለዚህ እኛ የምንመርጠው ሥርዓት ሁለት ነገር ማሟላት ይኖርበታል፤ ልጁን አሁን ካለበት ቦታ መቀበልና በሩ ሲከፈት ወደ መደበኛው ክፍል ሊመልሰው መቻል።

ይህን ሁለተኛውን ጉዳይ የሚዘነጉ ሰዎች ስላሉ ትንሽ ልቆይበት። በ2015 በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት የመጀመሪያ ደረጃ ስድስት ዓመት፣ መካከለኛ ደረጃ ሁለት ዓመት፣ ሁለተኛ ደረጃ አራት ዓመት ነው። ልጁ በ6ኛና በ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና፣ በ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮም የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ይሆናል። የቤት ትምህርት እነዚህን በሮች ከዓይኑ ካራቀ፣ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ልጁን ሜዳ ላይ ይተወዋል። በመሆኑም የመንግሥቱን ሥርዓተ ትምህርት እንደ መለኪያ ይዘን መቆየት አለብን እላለሁ። በአዲሶቹ መማሪያ መጻሕፍት በየምዕራፉ መጀመሪያ ልጁ ከትምህርቱ በኋላ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች ተዘርዝረው ይገኛሉ። ወላጅ እነዚያን ዝርዝሮች ብቻ በአንድ ደብተር ቢገለብጥ የዓመቱን መንገድ በእጁ አስገባ ማለት ነው። ወደዚያ ዝርዝር ለመድረስ ግን የግድ በዚያው መጽሐፍ ገጽ በገጽ መሄድ የለበትም። መለኪያው የመንግሥት ይሁን፣ አካሄዱን ግን ልጁ ይወስነው።

መጽሐፉን ራሱን ማግኘትም አንድ ችግር ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ ከተለወጠ በኋላ የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም ስላልደረሰ ብዙው ቤተሰብ በቴሌግራም የሚዘዋወረውን ቅጂ በስልክ ያነባል። ለአዋቂ ይህ ይበቃ ይሆናል፤ ለሰባት ዓመት ልጅ ግን ጣት ቢነካው የሚሸሽ ገጽ መማሪያ አይሆንም። ከመጽሐፉ የሚያስፈልጉትን ጥቂት ገጾች ብቻ ማሳተም፣ ካልተቻለም በወረቀት ላይ በትልቁ መጻፍ ይሻላል።

አሁን ወደ ውጭው ጥቅል ልምጣ፤ በወሎ ይህ ጉዳይ ከሚታሰበው በላይ ቤት አንኳኩቷል። ከእኛ አካባቢ ብዙ እናቶች በሳዑዲና በሌሎች የዓረብ አገሮች በሥራ ላይ ናቸው፤ ልጆቹን አያቶች ያሳድጋሉ። እናት በደከመችበት ገንዘብ ለልጇ ከሁሉ የተሻለውን ልትገዛ ትፈልጋለችና፣ በስልኳ ያየችውን «ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል የተሟላ» የሚል የእንግሊዝኛ ጥቅል እንድናስመጣላት ትጠይቃለች። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤትም ስጋቷን አባብሶታል፤ በ2014 የትምህርት ዘመን ፈተናውን ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው በተነገረ ጊዜ፣ «የኛ ትምህርት አይረባም፣ የውጩን አስተምሩልኝ» የሚል የድምፅ መልእክት ያልደረሰው አያት በሰፈራችን ያለ አይመስለኝም። እናቲቱን አልፈርድባትም። ሆኖም ያ ጥቅል ልጁ ቤት ውስጥ በሚናገረው ቋንቋ አንድ መስመር የለውም፤ ፊደል አያስቆጥርም፤ የሒሳብ ምሳሌዎቹ በዶላርና በሳንቲሞቹ ናቸው፤ ስለ በረዶ ወራት የሚያወራው ንባብ መስከረም ላይ ዓመቱን ለሚጀምር፣ በልግና መኸር እያየ ለሚያድግ ልጅ ከቃሉ አስቀድሞ ነገሩን ማስረዳት ይጠይቃል። ከሁሉም በላይ ጥቅሉን የሚያስተምረው ሰው እንግሊዝኛ የማያነብ አያት ነው። ገንዘቡ ለአንድ ጎበዝ አስጠኚ ቢከፈል፣ ወይም ጥሩ ጥሩ የአማርኛ ተረት መጻሕፍት ቢገዛበት፣ ለልጁ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ይህን ስል ከውጭ የምንማረው የለም ማለቴ አይደለም። ጥቅሉን ትተን ሐሳቡን መውሰድ እንችላለን፤ ሐሳብ ደግሞ የማጓጓዣ ዋጋ የለውም። ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. በሮም ድሃ ሰፈር ባቋቋመችው የሕፃናት ቤት ልጆች ፊደልን በጣታቸው እየዳሰሱ፣ ቁጥርን በእጃቸው እየያዙ እንዲማሩ አድርጋለች። በስሟ የሚሸጡት የእንጨት መሣሪያዎች ዛሬ እጅግ ውድ ናቸው፤ ትሪ ላይ በተነጠፈ አሸዋ ፊደል መጻፍና በባቄላ መቁጠር ግን በየቤታችን ይቻላል። እንግሊዛዊቷ መምህርት ሻርሎት ሜሰን ደግሞ ለትንንሽ ልጆች ከሩብ ሰዓት እስከ ሃያ ደቂቃ የማይበልጥ ትምህርት እንዲሰጥ፣ ልጁም አንድ ጊዜ ብቻ የተነበበለትን በራሱ ቃል መልሶ እንዲተርክ ትመክር ነበር። ማታ በእሳት ዳር «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ ላደገ የወሎ ልጅ ከዚህ የሚቀርብ ዘዴ የለም። አፉ ያልተፈታ የሚመስለው ልጅ እንኳ የሰማውን ተረት ንገረኝ ሲሉት ይናገራል፤ የተናገረውን አዋቂው ሲጽፍለትም የራሱን ቃል ለማንበብ ይጓጓል።

ከአንባቢዎቻችሁ አንዷ «ልጁ በዓይኑ የሚማር ነው ወይስ በጆሮው ወይስ በእጁ የሚለውን ለይታችሁ ለዚያ የሚስማማ ሥርዓት ግዙ» ሲሉ የመከሩትን ግን ልቀበለው አልችልም። ምክሩ በየሥልጠናው ይሰጣል፤ ለእኛም ሲሰጠን ኖሯል። ይሁንና በ2008 እ.ኤ.አ. አራት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በአሜሪካ እስከዚያ የተሠሩትን ጥናቶች መርምረው፣ ልጅን በእንዲህ ያለ ዓይነት ከፍሎ በዚያው መንገድ ብቻ ማስተማር ውጤት እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኙም። ነገሩ ከልምድም ጋር ይስማማል። ፊደል ለሁሉም ልጅ በዓይን የሚታይ፣ በጆሮ የሚሰማና በእጅ የሚጻፍ ነው፤ «በጆሮው የሚማር» የተባለ ልጅ ፊደሉን ሳያይ ማንበብ አይችልም። ልጆችን በእርግጥ የሚለያያቸው ቀድሞ የሚያውቁት ነገር፣ የሚሄዱበት ፍጥነት፣ ሳይሰለቹ የሚቆዩበት ጊዜ፣ የሚወድዱት ጉዳይና የጤናቸው ሁኔታ ነው። የምርጫው መነሻም እነዚህ መሆን ይገባቸዋል።

ቀድሞ የሚያውቁትን ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ወረቀት ነው። በህንድ አገር ፕራታም የተባለው ድርጅት ለዓመታት የተጠቀመበት ቀላል የንባብ መለኪያ አለ፤ ልጁ በተራ ፊደላትን፣ ነጠላ ቃላትን፣ አጭር አንቀጽን፣ በመጨረሻም አጭር ታሪክን እንዲያነብ ይሰጠውና የቆመበት ቦታ ደረጃው ይሆናል። ከዚያም ልጆች በዕድሜያቸው ወይም በክፍላቸው ሳይሆን በደረጃቸው ተሰባስበው ይማራሉ። ይህ አሠራር ወደ በርካታ የአፍሪካ አገሮችም ተዛምቷል። በአማርኛ እንዲህ ያለውን ወረቀት ማንኛውም ፊደል የሚያውቅ ሰው ሊያዘጋጀው ይችላል፤ ፊደላቱን ግን በተራ ሳይሆን አዘበራርቆ መጻፍ አለበት፤ ምክንያቱም ከ«ሀ ሁ ሂ» ጀምሮ በዜማ እስከ መጨረሻው የሚወርድ ልጅ መካከል ላይ «ይህ ምንድን ነው?» ሲባል ብዙ ጊዜ መልስ የለውም። ለሒሳብም ቁጥር ማንበብን፣ መደመርና መቀነስን፣ ማባዛትና ማካፈልን በየተራ የሚጠይቁ ጥቂት ጥያቄዎች ይበቃሉ። መለኪያው ለልጁ ፈተና እንደሆነ ሊነገረው፣ ነጥብም ሊሰጠው አይገባም።

እንዲህ ያለው ልኬት ምን እንደሚያሳይ በእኔ ቤት ካሉት ልጆች በአንዷ ላስረዳ። ልጅቱ ከወልድያ በኩል ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦች ልጅ ስትሆን በምስክር ወረቀቷ አራተኛ ክፍል ናት። ነጠላ ቃላትን ታነባለች፤ አንቀጽ ሲሆን ግን መጨረሻው ላይ ስትደርስ መጀመሪያውን ትረሳዋለች። በሌላ በኩል በገበያ ቀን ከእናቷ ጋር ጉልት ላይ ስለምትውል የብር መልስ በልቧ አስልታ ከእኔ ቀድማ ትናገራለች። ለዚህች ልጅ «የአራተኛ ክፍል» ጥቅል ቢሰጣት በአማርኛው ትሰበራለች፤ «የሁለተኛ ክፍል» ቢሰጣት በሒሳቡ ትሰለቻለች። ስለዚህ በሒሳብ የአራተኛ ክፍሉን ይዘት በቃል ጥያቄ እየጀመረች ወደ ወረቀቱ እንድትወርድ፣ በአማርኛ ደግሞ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ባሉት ንባብ እንድትቆይ ተደርጓል። የአካባቢ ሳይንሱ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ይነበብላታል፣ እርሷም የሰማችውን መልሳ ትናገራለች፤ የማንበብ ድክመቷ ስለ ውኃ ዑደትና ስለ ዕፀዋት እንዳታውቅ ሊያግዳት አይገባም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ችግር አለ። ንባብ ገና ለጀመረች የዐሥር ዓመት ልጅ የስድስት ዓመት ሕፃን መጽሐፍ ሲሰጣት ታፍራለች፤ ሽፋኑ ላይ «1ኛ ክፍል» የሚል ካየች መጽሐፉን በነጠላዋ ሥር ትደብቀዋለች። ቃሉ ቀላል፣ ጉዳዩ ግን ለዕድሜዋ የሚመጥን ንባብ ያስፈልጋታል፤ እንዲህ ያለው በገበያ ላይ እምብዛም የለም። የጤፍና የሽንኩርት ዋጋ ዝርዝር፣ የመድኃኒት መመሪያ በአጭሩ ተጽፎ፣ ከዓረብ አገር አክስት የተላከ መልእክት፣ የምታውቀው ተረት በዐሥር መስመር፤ እነዚህን በእጅ መጻፍ የመምህሩ ወይም የወላጁ ሥራ ይሆናል። የአፍሪካ ቋንቋዎች የታሪክ መጻሕፍት በነፃ የሚገኙበት «አፍሪካን ስቶሪቡክ» የተባለው መድረክም በየደረጃው የተከፋፈሉ አጫጭር ታሪኮች አሉት፤ ኔትወርክ ባለበት ቀን አውርዶ ማተም ይቻላል።

በቤቴ የሚማሩት የሌሎቹ ልጆች ነገር አጭር ነው። ለስምንተኛ ክፍል የሚዘጋጀው ወንድ ልጅ መጽሐፉን ይዞ ብቻውን መቀመጥ የሚችል ስለሆነ የሚያስፈልገው መማሪያ መጽሐፉ፣ ያለፉ ዓመታት የፈተና ወረቀቶችና ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራውን የሚያይለት ሰው ነው። ለእርሱ ተረትና ባቄላ ማቅረብ ጊዜውን መብላት ነው። የሰባት ዓመቱ ታናሽ በበኩሉ ከዐሥር ደቂቃ በላይ አርፎ አይቀመጥም፤ ለእርሱ ትምህርቱ ቀኑን ሙሉ በትንንሹ ይበተናል።

ስለ ፊደል ግን ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ በቤት የሚማር ልጅ ብዙ ጊዜ የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነውና። የገበታው 33 ፊደላት በሰባት ሰባት ድምፅ ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። አንዳንድ ልጅ የረድፉን ሥርዓት፣ ማለትም ካዕቡ በቀኙ ጎን እንደሚቀጠል፣ ኃምሱ ቀለበት እንደሚይዝ አንዴ ከተረዳ በጥቂት ሳምንት ገበታውን ይጨርሰዋል። ሌላው ደግሞ ሥርዓቱ ምንም አይነግረውም፤ እርሱ ከስሙ፣ ከእናቱ ስም፣ «ዳቦ» እና «ላም» ከሚሉት ቃላት እየተነሣ ጥቂት ጥቂት ፊደል መሰብሰብ ይቀለዋል። ለመጀመሪያው ልጅ ገበታ፣ ለሁለተኛው የቃል ካርድ መምረጥ ተገቢ ነው፤ ሁለቱም በመጨረሻ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ችግር የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ በጽሑፋችን አለመለየቱ ነው። «ገና» የሚለው ቃል ሲጠብቅ በዓሉ፣ ሲላላ ደግሞ ነገሩ አለመድረሱን የሚነግር ቃል መሆኑን ልጁ የሚያውቀው ከዓረፍተ ነገሩ ብቻ ነው። ስለዚህ የቃላት ዝርዝር ብቻ የሚያስነብብ ሥርዓት፣ ከየትም ይምጣ ከየት፣ ለአማርኛ ንባብ ጎደሎ ነው።

በሒሳብ በኩል ሥርዓቶች በሁለት መንገድ ይለያያሉ። አንደኛው ዓይነት እያንዳንዱን ርእስ ጥቂት ነክቶ ያልፍና በየጊዜው እየተመለሰ ያሰፋዋል፤ የእኛም መጻሕፍት ክፍልፋይን በአንድ ዓመት አስተዋውቀው በሚቀጥሉት ዓመታት ይመላለሱበታል። ሁለተኛው ልጁ አንዱን ርእስ እስኪጨርስ ወደ ሌላው አያልፍም። ትምህርቱ ሳይቋረጥ ለሄደ ልጅ የመጀመሪያው ይበጃል፤ የማይረሳበት ምክንያት መመላለሱ ነውና። ዓመታት ለተዘለሉበት ልጅ ግን የመጀመሪያው ዓይነት መጽሐፍ ባልነበረበት ዓመት የተነካውን ነገር «እንደምታስታውሱት» እያለ ስለሚጀምር ግራ ያጋባዋል። እንዲህ ያለው ልጅ ክፍተቱ እስኪሞላ በሁለተኛው መንገድ ይሂድ፤ ለምሳሌ ማባዛትን እስኪጨብጥ ክፍልፋይን አይንካ። ሲንጋፖሮች በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ባዘጋጁት ሥርዓት ልጁ ማንኛውንም አዲስ ነገር አስቀድሞ በሚጨበጥ ዕቃ፣ ቀጥሎ በሥዕል፣ በመጨረሻ በቁጥር እንዲያገኘው ያደርጋሉ። ይህ ለሁለቱም ዓይነት ልጅ ይስማማል፤ ጠጠርና ጠመኔ ካለ መጽሐፉን መግዛት አያስፈልግም።

እያንዳንዱን ልጅ ባለበት ቦታ መቀበል ከውጭ ብቻ የመጣ አዲስ ነገር እንዳይመስል አንድ ነገር ላንሣ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርትን ባስተማሩበት በሐይቅ እስጢፋኖስ አገር፣ ዋድላም በቅኔ በታወቀበት ወሎ፣ የቄስ ትምህርት ቤት ልጆች ፊደል ቆጠራን፣ ግዕዝ ንባብን፣ ውርድ ንባብንና ቁም ንባብን የሚያልፉት በዓመት ቆጠራ ሳይሆን በመቻላቸው ነበር። በዚያው አገር ጀማ ንጉሥንና ዳናን በመሳሰሉ የዕውቀት ማዕከላት ሥር ባሉ የቁርኣን ቤቶችም እያንዳንዱ ሕፃን የራሱ የእንጨት ሉሕ አለው፤ የዕለቱ ትምህርቱ ይጻፍበታል፣ ሲይዘው ለመምህሩ ያሰማል፣ ከዚያ ሉሑ ታጥቦ አዲሱ ይጻፍለታል። አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ሌላ ምዕራፍ ላይ መሆኑ ማንንም አያስጨንቅም። ትልልቆቹ ትንንሾቹን ያስጠናሉ። በእርግጥ በሁለቱም ቤቶች ልጁ የሚያነበውን ቋንቋ ሳይረዳ ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ በትሩም አልፎ አልፎ ከሚገባው በላይ ይሠራል፤ እነዚህን እንድናስመልስ አልመክርም። ነገር ግን አንድ መምህር በአንድ ደሳሳ ቤት ውስጥ ዐሥራ አምስት ልጆችን በዐሥራ አምስት ቦታ እያስኬደ ማስተማር እንደሚችል አያቶቻችን አሳይተዋል፤ ሦስት ልጆች ያሏት እናት ይህ አይሆንልኝም ማለት የለባትም።

እናቶች ስል ማንበብ የማይችሉትን ጭምር ነው። በገጠሩ ወሎ ብዙ እናቶችና አያቶች ፊደል አልቆጠሩም፤ በዚህ ምክንያት የቤት ትምህርት የተማሩ ሰዎች ብቻ ዕድል ተደርጎ ይወሰዳል። እንዲህ ላለው ቤት የሚመረጠው ሥርዓት ታላቅ ልጅ ለታናሹ የሚያነብበት፣ እናት ደግሞ «ምን አለ? ከዚያስ?» እያለች የምታስተርክበት መሆን አለበት። የማያነብ ሰው ልጁ እየደነቃቀፈ መሆኑን በጆሮው ይለያል፤ ሳይገባው ያነበበ ልጅም ተርክ ሲባል ያስታውቅበታል። ወቅቱም ይታሰብ፤ በአጨዳና በውቂያ ሰሞን ለሥራ የሚፈለግ ልጅ በቀን አራት ሰዓት እንዲቀመጥ የሚያዝዝ መርሐ ግብር በሁለተኛው ሳምንት ይፈርሳል። ጧት ከብት ከመውጣቱ በፊት ጥቂት ንባብ፣ ማታ ጥቂት ሒሳብ ዓመቱን ሙሉ ቢቆይ ይመረጣል።

ልጁ ደረጃው ተለክቶ፣ ንባቡ ተመርጦለት፣ ተረጋግቶም ተቀምጦ ወራት ሲያልፉ የማይራመድ ከሆነ፣ ሥርዓት ከመቀያየር በፊት ዓይኑንና ጆሮውን ማስመርመር ይገባል። በአካባቢያችን የዓይን ማዝ ብዙ ሕፃናትን የሚጎዳ በሽታ ነው፤ በደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ይሰጣል። ሰሌዳውን ማየት የማይችል ልጅ «ሰነፍ» ተብሎ ስንት መጽሐፍ እንደተቀያየረለት መቁጠር ያስቸግራል።

በመጨረሻ ሁለት ጥያቄዎች አሉኝ። አንደኛው ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችና ለትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራን ነው። ከቤት ትምህርት የሚመለስ ልጅ ሲመጣ የጠፋ የምስክር ወረቀት ከመጠየቅ ወይም በዕድሜው ብቻ ከመመደብ ይልቅ፣ በአማርኛና በሒሳብ አጭር የምደባ መለኪያ ሰጥታችሁ በደረጃው ተቀበሉት፤ ያንን መለኪያም አስቀድማችሁ ግለጹልን፣ እኛም በቤት ወደዚያ እናስተምር። ከኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞንና ከዋግ ኽምራ የተፈናቀሉና በአፋን ኦሮሞ ወይም በኽምጣንኛ ማንበብ የጀመሩ ልጆችም በአማርኛ ብቻ ተለክተው እንዳልተማሩ እንዳይቆጠሩ አደራ እላለሁ።

ሁለተኛው ለእርስዎ ለአዘጋጁ ነው። በየሳምንቱ ግማሽ ገጽ ለቤት ተማሪዎች እንዲሰጡልን እጠይቃለሁ። አንድ ጉዳይ ብቻ ይመረጥ፤ ለምሳሌ ከአርዲቦ ተነሥቶ ወደ ሐይቅ ስለሚወርደው ወንዝ፣ ወይም ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ጥጥ ክር ስለሚሆንበት መንገድ። ያው ጉዳይ በሦስት ደረጃ ይጻፍ፤ ላይኛው በትልልቅ ፊደል በጥቂት አጫጭር መስመሮች፣ መካከለኛው በአንድ አንቀጽ፣ ታችኛው ጥያቄዎች ተጨምረውበት በሙሉ ጽሑፍ። ለጀማሪዎቹ በሚጠብቁት ፊደላት ላይ ነጥብ ቢደረግ መልካም ነው። እንዲህ ከሆነ በአንድ ቤት ያሉ ሦስት ልጆች አንድ ጋዜጣ ዘርግተው በየደረጃቸው አንብበው ስለ አንድ ነገር ሊነጋገሩ ይችላሉ። የንባቡን የመጀመሪያ ጥቂት ክፍሎች ያለ ክፍያ አዘጋጅቼ ለመላክ ዝግጁ ነኝ። ጋዜጣው ወደ እኛ ከተማ የሚደርሰው ከወጣ ከቀናት በኋላ ነው፤ ለዚህ ገጽ ግን መዘግየቱ ጉዳት የለውም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጡረተኛ መምህር
ከሐይቅ፣ ደቡብ ወሎ